ጫት ከገባ በኋላ መስመሩ ሌላ ነው

በጅቡቲ ቀን ሁለት ነው፤ ጫት እስኪገባና ጫት ከገባ በኋላ። እዚህ ያልኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ። ከአወዳይ የተጫነው ጫት ቀትር ላይ ከተማ ሲደርስ መኪኖቹ ጡሩምባቸውን እያንባረቁ ይገባሉ፤ ሻጮቹ እርጥብ ጆንያቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይቀበሉታል፤ ቢሮውም ሱቁም ጋራዡም ባዶውን ይቀራል። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም የጫት እስሩን በብብቱ ይዞ ወደየመቃሚያው ይገባና ከተማው ጭር ይላል።

እኔ አልቅምም። ግን ወላሂ፣ የጫትን ሰዓት እንደኔ የጠበቀ ቃሚ ያለ አይመስለኝም። የመብራት መስመር ሠራተኛ ነበርኩ። ቆጣሪ ከማንበብ ተነስቼ፣ ምሰሶ ላይ ወጥቼ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ኬብል ገጥሜ፣ በመጨረሻም አዲስ ገቢዎችን እያሠለጠንኩ ጡረታ ወጣሁ። ዕቃዬን ያስረከብኩ ቀን የቡድኑ ልጆች ኬክ ገዝተው «ዘይነባ፣ በቃሽ፤ ከእንግዲህ ቀትር ላይ እንደ ሰው ተኚ» አሉኝ። በዚህ ሙቀት ቀትር ላይ የማይተኛው ቃሚና የመብራት ሠራተኛ ብቻ ነው።

ተኚ ማለት ቀላል ነው። ልጄ ሐያት እኔ በወጣሁበት በር ገብታለች። ያው ሥራ፣ ያው መሰላል፣ ያው ምሰሶ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የጫቱ ጡሩምባ በተሰማ ቁጥር ሆዳን ሰፈር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጥ ነበር። አልደውልም፤ መሰላል ላይ ላለ ሰው አይደወልም። ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። የምፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ይህቺ ልጅ ጫት ከገባ በኋላ መስመሩን እንደገና ትፈትሻለች ወይስ አትፈትሽም? ሌላ ጭንቀት አልነበረኝም። እሱ ግን ይበቃኝ ነበር።

ምን ማለቴ እንደሆነ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

አባቴ የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ነበረው። እኔን በባቡር ያመጣኝ ሕፃን ሳለሁ ነው። ሱቃችን ውስጥ አማርኛው፣ ሶማሊኛው፣ አፋርኛውና ዓረብኛው በአንድ አፍ ይወጣል፤ ፈረንሳይኛው ለትምህርት ቤትና ለወረቀት ነው። የአባቴ ሐሳብ እኔ ጨርቅ ስለካ እንድቆይና አንድ ደህና የሐረር ነጋዴ ልጅ መጥቶ እንዲወስደኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሱቁ ማራገቢያ በቆመ ቁጥር ፈትቼ ካልገጠምኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነኝ። የመብራት መሥሪያ ቤቱ ለመስመር ሥራ ወጣቶችን ሊያሠለጥን ነው ሲባል ሄጄ ተመዘገብኩ።

«ሰው ልጁን ይድራል፤ እኔ ልሰቅላት ነው?» አለ አባቴ።

ለመንኩት፣ እናቴን አስለመንኩ፣ አኮረፍኩ። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ፈቀደ፤ «ሂጂ። ከወደቅሽ ግን ወደ ጨርቁ ትመለሻለሽ። ያኔ እንባ አላይም፣ ልመና አልሰማም።» ተስማማሁ። መውደቅ የሚባል ነገር ያኔ በአሳቤም አልነበረም።

ያሠለጠኑን ጋሽ አብዶሽ ናቸው። አላህ ይርሐማቸው። እሳቸውም የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ኤሌክትሪክን የለመዱት በባቡር ጋራዥ ነው። አጭር፣ ደረቅ ያሉ፣ ድምፃቸው ከአፋቸው ብዙ የማይርቅ ሰው። ሶማሌዎቹ ሠልጣኞች «ማዓሊን» ይሏቸዋል፤ መምህር ማለት ነው። ሲቆጡም አይጮኹም። ይልቁንስ ይበልጥ ቀስ ይላሉ፤ ያኔ ነው የሚያስፈሩት።

የሚያስተምሩት በአፋቸው ሳይሆን በልማዳቸው ነው። ቴስተር፣ መብራት መኖር አለመኖሩን የሚናገረው ያ መሣሪያ፣ መስመር ላይ ከመዋሉ በፊት መብራት እንዳለበት በሚታወቅ ነገር ላይ ይሞክሩታል። ከዚያ የሚሠሩበትን መስመር ይፈትሹበታል። ከዚያ ደግሞ ተመልሰው ያንኑ የሚታወቀውን ይነኩበታል። «ምስክሩ ራሱ ሞቶ እንደሆነስ? ምስክሩን ሳትመረምሩ ቃሉን አትቀበሉ» ይላሉ። መስመር ሲያጠፉ ማጥፊያውን በጓጉንቸር ቆልፈው ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ ያስራሉ፤ ለአለቃም ቢሆን አይሰጡም። ተፈትሾ ነፃ የተባለውን ሽቦ እንኳ መጀመሪያ የሚነኩት በእጃቸው ጀርባ ነው። መዳፍ ኤሌክትሪክ ሲነካው ይጨብጣል፤ ከጨበጠ ደግሞ አይለቅም። «የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም የተባለው ለኛ ነው» ይሉን ነበር።

ኬብል መግጠም ያስተማሩኝ አምቡሊ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር ጉድጓድ ውስጥ ነው። በዚያ ሙቀት ጉድጓድ ውስጥ የሚንበረከክ ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። ጋሽ አብዶሽ ግን ግንባራቸውን በጨርቅ፣ ሁለቱንም የእጅ አንጓቸውን በጨርቅ አስረው ነው የሚገቡት። የተላጠው መዳብ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ ከወደቀች እርጥበቱ ውስጥ ለውስጥ እየበላ ቆይቶ ያፈነዳዋል። አንዴ ከግንባሬ ጠብ ሲል አዩና ደክሜ የገጠምኩትን በሙሉ ቆርጠው ጣሉት። «እንደገና» አሉ። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም።

ሌላው ልማዳቸው መሰላል ላይ ያለን ሰው አለመጥራት ነው። የተጠራ ሰው ይዞራል፤ የዞረ ሰው እጁ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ከላይ ያለው ሰው ምንም ቢያደርግ እስኪወርድ ይጠብቃሉ።

ጫት ይቅማሉ፤ ያውም በደንብ። ግን እስራቸውን ገዝተው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልሉና ከመኪናው ወንበር ሥር ያስቀምጡታል። ሥራ ሳያልቅ አይነኩትም። ጫት ከገባ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ያደርጋሉ። ጠዋት የፈተሹትን መስመር፣ ራሳቸው ያጠፉትን፣ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ያለውን፣ እንደገና ይፈትሹታል። «ጫት ከገባ በኋላ መስመሩ ሌላ መስመር ነው» ይላሉ። እኛ የቃሚ ቀልድ ነው ብለን እንስቅ ነበር።

የፈተናው ቀን መጣ። ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ የተተከሉ ምሰሶዎች አሉ። ሥራው መስመሩን አጥፍቶ መቆለፍ፣ መፈተሽ፣ ሽቦውን ከመሬት የሚያገናኘውን ገመድ ማሰር፣ ከዚያ ሽቦው የሚያርፍበትን የሸክላ ሲኒ መቀየር ነው። ሁላችንም በተራ፣ በየምሰሶው። ሮብሌ የሚባል ሶማሌ ጓደኛዬ ከዕረፍት በፊት ወጥቶ ጨርሶ አለፈ። የእኔ ተራ የደረሰው ከዕረፍት በኋላ፣ ጫት ከገባ በኋላ ነው። የመሬት ገመዱን ሮብሌ ከጨረሰበት ምሰሶ ፈትቼ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። መስመሩን ጠዋት ያጠፋሁት እኔ፣ የቆለፍኩት እኔ፣ የፈተሽኩት እኔ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ። ምን ልፍራ? ገመዴን አሰርኩ፣ ሲኒውን ቀየርኩ፣ ሽቦውን ቆንጆ አድርጌ አሰርኩትና እየፈገግሁ ወረድኩ።

ጋሽ አብዶሽ ሥራዬን ከታች አንጋጠው አዩት። «ንጹሕ ሥራ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ምን ያደርጋል፤ ሞተሻል።»

የቀለዱ መሰለኝ።

«ዝም በሉ፤ አዳምጡ» አሉ። ከዘበኛው ክፍል ጀርባ ጄኔሬተር ይጮኻል። ዱክ ዱክ ዱክ። «ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጮኸው?» ብለው ጠየቁን። ለካ እኔ ከመውጣቴ በፊት ዘበኛውን ልከው ያስነሱት እሳቸው ናቸው። ጅቡቲ ውስጥ የጄኔሬተር ድምፅ የዝንብ ያህል ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። መብራት ሲሄድ ሰዉ ጠዋቱን ሙቀቱን ችሎ ይውላል፤ ጫት ሲገባ ግን ማራገቢያ የሌለበት መቃሚያ ማን ይቀመጣል? ያኔ ጄኔሬተሩን ያስነሳና የቤቱ መስመር ላይ ይሰካዋል። መብራቱ ከቤቱ ወደ መንገዱ ሽቦ ይወጣል። «አንቺ ከወዲያ ቆልፈሽ መጥተሻል፤ እሱ ከወዲህ ይልክልሻል» አሉኝ።

የዘበኛው ጄኔሬተር ከመስመሩ ጋር አልተገናኘም ነበር፤ ይህን የሚያውቁት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። «ለዘይነባ ፋቲሐ ቅሩላት» አሉና ለሞተ ሰው እንደሚደረገው መዳፋቸውን ዘረጉ። ሮብሌ ሊስቅ ሲል ፊታቸውን አየና ተወው። ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው ቀሩልኝ። ቆሜ የራሴን ፋቲሐ ሰማሁ። እንደዚያ ቀን ተዋርጄም ተናድጄም አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በዚህ አላበቃም። በማግስቱ ወደ ማታ ጋሽ አብዶሽ ሱቃችን መጡ። እኔ ከጀርባ ተቀምጬ ዓይኔ በእንባ አብጧል፤ አባቴ ደግሞ ደስታውን መደበቅ አቅቶት ጨርቅ ያጣጥፋል። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሰላምታ ሰጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ የድሬዳዋን ሰው እየጠሩ ጠያየቁ። ከዚያ «እስቲ አቡጀዲ ቁረጥልኝ፤ ለከፈን የሚበቃ» አሉት።

አባቴ ደነገጠ። «ኢንና ሊላህ! ማን ሞተባችሁ?»

«የማንም አይደለችም፤ ያንተው ልጅ ናት።»

አባቴ መቀሱን እንደያዘ ቀረ። ጋሽ አብዶሽ የሆነውን ሁሉ ነገሩት።

«እንግዲያው እዚሁ ትቅርልኛ! ልጄን ከመንገድ አላገኘኋትም» አለ አባቴ።

«አንተ ካልክ ትቅር። አባት ነህ። እኔ ግን አላባረርኳትም። ቆጣሪ እያነበበች ትቆይና ከሚቀጥሉት ጋር ትፈተን ብያለሁ። ያለፉት ልጆች አንድ ቀን ይረሱታል። ይህቺ ግን ከእንግዲህ ሳትፈትሽ ሻይም አትጠጣም።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ከዚያ አቡጀዲውን ቆረጠና ለጋሽ አብዶሽ ሳይሆን ለእኔ ወረወረልኝ። «ያዥ። ከዚህ ሱቅ ለከፈን የምሰጥሽ ጨርቅ ይኼ የመጨረሻው ነው። ቀዳደሽ ግንባርሽ ላይ እሰሪው።» እኔ እስከ ዛሬ ፍቅሩን እንደዚያ አርጎ ያሳየኝ የለም።

ቆጣሪ ማንበብ ውርደት መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ከተማዋን ያወቅኋት ያኔ ነው። የማን ጓሮ ውስጥ ጄኔሬተር እንዳለ፣ ማን በማጥፊያ ከመንገዱ መስመር ለይቶ እንደሚያበራ፣ ማን ደግሞ ዝም ብሎ ሶኬት ላይ እንደሚሰካ በዓይኔ አየሁ። ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ፣ በሁለቱም በኩል ሶኬት ውስጥ የሚገባ ጥርስ ያለው ገመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁትም ያኔ ነው። አንዱን ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ። ባለቤቶቹ ክፋት የላቸውም። መብራቱ ቤታቸው ገብቶ እዚያው የሚቀር ይመስላቸዋል። በሚቀጥለው ዙር ተፈተንኩና አለፍኩ። ጋሽ አብዶሽ ጨብጠውኝ «እንኳን ከሞት ተነሳሽ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ጥሩ መኪና አመጣልን፣ አንዱ ደግሞ በየቀኑ ወረቀት እንድንሞላ አደረገን። ደመወዙ ቤት አሠርቶኛል፣ ልጅ አሳድጎልኛል፤ አልከፋም። ባለቤቴ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳ ነበርና ሁለታችንም ከፍታ የምንወድ ሰዎች ነን። መብራቱ ከኢትዮጵያ በድሬዳዋ በኩል መምጣት ሲጀምር አባቴ እርጅናው ላይ «ጫቱም ከእኛ፣ መብራቱም ከእኛ፤ ሁለቱ ሲዘገዩ ነው ይኼ ከተማ የሚያብደው» እያለ ሱቁ የገባውን ሰው ሁሉ ያስቅ ነበር።

አንዱን ቀን ግን አልዘለውም። እዚያው ካርቲየ 4፣ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ባለው መንገድ፣ እኔና ሮብሌ አሮጌ ሽቦ እንቀይር ነበር። ጠዋት አጥፍተናል፣ ቆልፈናል፣ ፈትሸናል። ጡሩምባው ሲሰማ ሮብሌ ሮጦ እስሩን ገዝቶ መጣ። የመሬት ገመዱን ከአንዱ ምሰሶ ፈትተናል፤ የቀረን አንድ ምሰሶ ብቻ ነው። መሰላሉን አስደግፎ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀበቶውን ይዤ ሳብኩት።

«ቴስተሩ የታለ?»

«ጠዋት ፈትሸሽ የለም እንዴ?»

«የጠዋቱ ሌላ መስመር ነው።»

«ኧረ በአላህ! የሽማግሌውን ተረት ዛሬም? አንድ ምሰሶ ነው የቀረን፤ ጫቱ ደረቀ!»

«ሮብሌ፣ ለእኔ ፋቲሐ ቀርተህልኛል። ላንተ መቅራት አልፈልግም። ዞር በል።»

እያጉረመረመ ዞር አለልኝ። ቴስተሩን ሞክሬ ወጣሁ፤ ገና ጫፉን ሳስጠጋው ቀዩ መብራት ቦግ አለ። መሰላሉን አቅፌ ትንሽ ቆየሁና ወረድኩ። ሮብሌ ቀዩን መብራት ከታች አይቶታል።

ድምፁን ተከትለን ቤቱን አገኘነው። የመቃሚያ ክፍል ነው፤ ሰዎቹ ትራስ ተደግፈዋል፣ ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ ግድግዳው ላይ ያ ሁለት ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ተሰክቷል። ጄኔሬተሩን አስጠፋሁና ገመዱን ነቀልኩት። ባለቤቱ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ «ልጄ፣ እንግዶቼ በሙቀት ሞቱብኝ እኮ» አሉኝ።

«አባባ፣ እንግዶችዎን ሊያቀዘቅዙ ብለው ይኼንን ልጅ ሊቀብሩት ነበር» አልኩና ሮብሌን በጣቴ አሳየኋቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

ሮብሌ መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ከዚያ እስሩን አነሳና በዚያ ለሚያልፍ ሰው ሰጠው። ቃሚ ጫቱን ሲሰጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቤቴ ስገባ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ከደስታ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። በማግስቱ ጋሽ አብዶሽ ጋ ሄጄ እጃቸውን ሳምኩ። ታመው ተኝተዋል። ነገርኳቸው። «ሮብሌ አሁን ገና አለፈ» አሉና ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ጫት ሲገባ በየበሩ ማንኳኳት ልማዴ ሆነ። በሥራ ላይ ብቻ አይደለም። በዕረፍት ቀኔም ሰፈራችን መብራት ከሄደ፣ መስመር ላይ የሌላ ቡድን ልጆች እንዳሉ ስለማውቅ፣ ሐያትን በእጇ ይዤ እወጣለሁ። ያኔ ትንሽ ልጅ ናት፤ ብቻዋን አልተዋትም። «ጄኔሬተር አለህ? የት ነው የሰካኸው? አሳየኝ» እያልኩ ቤት ለቤት። ጎረቤቶቹ «ደግሞ መጡ የጄኔሬተር ፖሊሶች!» ይላሉ። ሐያት ቀሚሴ ውስጥ ትደበቃለች። «እማ፣ በአላህ አታሳፍሪኝ» ትለኛለች። እጇን ጨብጬ እጎትታታለሁ።

ይህቺ ልጅ አድጋ «የመስመር ሠራተኛ እሆናለሁ» ስትል አባቴ ያለውን ልል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ልጄን እኔ ማሠልጠን አይፈቀድልኝም፤ ጥሩም አይደለም። ሮብሌ ያኔ አሠልጣኝ ሆኖ ነበርና እሱ ያዛት። በአንድ ጊዜ አለፈች። ያውም አንደኛ ሆና።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደሰታል። እኔ ሮብሌ ጋ ሄጄ ተጣላሁ።

«ለምንድነው ያልጣልካት?»

«ምን አድርጋኝ ልጣላት?» አለኝ ዓይኑን አፍጦ። «ሁሉን በትክክል ሠራች! ዘይነባ፣ ደህና ነሽ?»

«ያልወደቀ አያስታውስም። አንተ ራስህ ያለፍከው ተራህ ከጫቱ በፊት ስለደረሰ ነው፤ እኔ ቀበቶህን ባልይዝ ዛሬ የት ነበርክ?»

«ብልህ ከሰው ይማራል፣ ሞኝ ከራሱ ይባላል እኮ» አለና ሳቀብኝ። «አንቺና እኔ ሞኞቹ ነን። እሷን ተያት።»

አልተውኳትም። ሐያትን እንደገና ትፈትሻለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት «እሺ እማ፣ እሺ፣ አውቃለሁ» ትለኛለች። እሺ የምትል ልጅ ደግሞ ታስፈራኛለች። ጡረታዬ እንዲህ ሆነ። ሰው ለማረፍ ይወጣል፤ እኔ ለመጨነቅ ወጣሁ።

አሁን ወደማልረሳው ቀን ልምጣ።

ሆዳን ውስጥ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ሄዷል። የመሥሪያ ቤቱ መኪና መጥቶ ከቤቴ ፊት ለፊት ቆመ፤ ልጆቹ ሲወርዱ አንዷ ሐያት ናት። ከሩቅ እጇን አወዛወዘችልኝና ወደ ሥራዋ ዞረች። በሥራ ላይ እናት የለም፤ ደስ አለኝ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ አየኋቸው። አጠፉ፣ ቆለፉ፣ ፈተሹ፣ ገመዱን አሰሩ። ጥንቅቅ ያለ ሥራ ነው። ወደ ቀጣዩ ምሰሶ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው እየተሻገሩ ሄዱ። ሙቀቱ ልብ ያጠፋል።

ጡሩምባው ተሰማ። አንዱ የቡድኑ ልጅ መሣሪያውን አስቀምጦ ወደ ጫት ሻጮቹ ጠረጴዛ ገሠገሠ። ሰፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ በር ተከፈተ፣ በር ተዘጋ። ከዚያ በቅርቡ ከገባው ጎረቤቴ ጓሮ ዱክ ዱክ ዱክ።

ተነሳሁ። ሐያት መሰላሉ ላይ ናት። የመሬት ገመዱ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ገና አላሰረችውም። እጇ ወደ ሽቦው ነው።

ልጮህ ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። መሰላል ላይ ያለ ሰው አይጠራም፤ ብጠራት ትዞራለች፣ ብትዞር እጇ ይስታል። አፌን በሻሼ አፈንኩ። ጎረቤቴ ጋ ሮጬ ላጥፋው ብል አልደርስም። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ከማለት ሌላ ምንም አልቀረልኝም። ያኔ ጋሽ አብዶሽ ከታች ቆመው ዝም ሲሉ ምን እንደተሰማቸው ገባኝ። የእሳቸው ጄኔሬተር ግን የውሸት ነበር።

ሐያት ቆመች። ጭንቅላቷን ትንሽ ዘንበል አደረገች፤ ሩቅ የሚጠራትን ሰው እንደምታዳምጥ። እጇን ወደ ራሷ መለሰችና አንድ በአንድ ደረጃውን ወረደች። ወደ መኪናው ሄደች። ቴስተሩን የመኪናው ባትሪ ላይ ሞከረችው። ተመልሳ ወጣች። ፈተሸች። ቀዩ መብራት ከእኔ በረንዳ ድረስ ታየኝ።

እንደገና ወረደች፤ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ደግማ ሞከረችው። ከዚያ ሳትቸኩል የጎረቤቴን በር አንኳኳች። «ጄኔሬተር አለህ? የት ነው የሰካኸው? አሳየኝ» ስትል ሰማኋት። በእኔው ድምፅ፣ በእኔው ቁጣ። ጄኔሬተሩ ጠፋ። ሁለት ጫፉ ወንድ የሆነውን ገመድ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። እኔ እዚያው በረንዳው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ በዚያ ዕድሜዬ ገና ማወቄ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ውሃ ልትጠጣ መጣች። ሄልሜቷን ስታወልቅ ግንባሯ ላይ ያቺ የአቡጀዲ ቁራጭ ታስራለች፤ የመጨረሻዋን ለእሷ ነበር የሰጠኋት። ጆጉን ሰጠኋት። ዓይኔ መቅላቱን አየች።

«እማ፣ ምን ሆነሻል? አለቀስሽ እንዴ?»

«ማን ነው ያስተማረሽ?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ጫት ሲገባ እንደገና መፈተሽን። ሮብሌ ነው?»

ውሃውን ጠጥታ ጨረሰችና ሳቀች። «ሮብሌማ የነገረን ክፍል ውስጥ ነው፤ ክፍል ውስጥ የተነገረውን ማን ያስታውሳል? እማ፣ አንቺ እኮ በልጅነቴ ቤት ለቤት እየጎተትሽ ስታሳፍሪኝ ነው ያደግሁት! ጄኔሬተር ሲነሳ በሰማሁ ቁጥር ወዲያው እጄን የሚጎትተኝ ሰው ያለ ይመስለኛል። እስካሁን ያመኛል።» የእጅ አንጓዋን አሻሸች። «እንዴት ነበር የምትጨብጪው በአላህ!»

እጇን ያዝኩና አንጓዋ ላይ ሳምኳት። «ኧረ እማ፣ ልጆቹ እያዩ ነው» ብላ አፍራ ሮጠች። ዛሬም አሳፈርኳት።

በማግስቱ ቀትር ላይ የጫቱ መኪኖች ሲገቡ ስልኬ ሳሎን ነበር። እኔ መኝታ ቤት ተኝቻለሁ። ሐያት ማታ ስትመጣ ተኝቼ እንደዋልኩ ነገርኳት፤ «መኪኖቹ ሲንጫጩ እንኳ አልሰማሽም?» አለችኝ። አልሰማሁም።